ጣና ያስቀመጠውና ከጣና የተወሰደው

በአገራችን ቤተ መዘክር የሚባለው ነገር በቅርብ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ዘጌ ቢሻገርና የገዳማቱን ዕቃ ቤት ቢያይ፣ ነገሩን መልሶ ማሰቡ አይቀርም። እርግጥ ነው፣ ዕቃ ቤቱ የመስተዋት ሣጥን በረድፍ የቆመበት ሰፊ አዳራሽ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥቂት ፈንጠር ብሎ የተሠራ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ በሩ ወፍራም፣ ቁልፉም በገበዙ እጅ የሚገኝ ቤት ነው። ነገር ግን የቤተ መዘክር ግብሩ ያለፉት ሰዎች የሠሩትን ከእሳት፣ ከምስጥና ከዘራፊ ጠብቆ ለሚመጣው ትውልድ ማቆየት ከሆነ፣ የጣና መነኮሳት ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩት የአውሮፓ ነገሥታትና ባለጸጎች የስብስባቸውን በር ለሕዝብ ከመክፈታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝና፣ በለንደን የብሪታንያ ቤተ መዘክር በ1753 ሲመሠረት፣ በክብራን ዕቃ ቤት የሚኖረው ባለ ሥዕሉ የብራና ወንጌል ዕድሜው ከሦስት መቶ ዓመት አልፎ ነበር።

ሐይቁ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሆኖ መፈጠሩ አይካድም። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ የተኛው ይህ ውሃ፣ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሆኖ ሳለ፣ በውስጡ ከሠላሳ የሚበልጡ ደሴቶችን አቅፎ ይዟል። ወደ ደሴቶቹ ለመሻገር ከደንገል የታሰረ ታንኳና ውሃውን የሚያውቅ ቀዛፊ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ፈረሰኛ ጦር የቱንም ያህል ቢበረታ ከዳር ቆሞ ከማየት በቀር ብዙ ሊያደርግ አይችልም ነበር። ስለዚህም በየብስ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት በጦርነት ዘመን፣ በተለይም በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ሲቃጠሉ፣ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሹ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ደጋ እስጢፋኖስ ይህን ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ሂሩተ አምላክ የተመሠረተው ይህ ገዳም የአፄ ይኩኖ አምላክን፣ የአፄ ዳዊትን፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ የአፄ ዘድንግልንና የአፄ ፋሲለደስን አፅም ይዟል። ከ1285 እስከ 1667 ድረስ በተለያየ ጊዜ የሞቱ፣ አንዱ ሸዋ አንዱ ጎንደር የገዛ፣ አንዱ በዙፋኑ ላይ አንዱ በጦር ሜዳ የወደቀ ነገሥታት በአንድ ደሴት ላይ መሰብሰባቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ ዘርዐ ያዕቆብ ለምሳሌ ያረፈው በደብረ ብርሃን ሲሆን አፅሙ ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ወደ ሐይቁ መጥቷል። በዚያው ገዳም ከዚሁ ንጉሥ ዘመን የቀረ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ትልቅ የገበታ ሥዕል አለ፤ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ስሙን ስለ ጻፈበት፣ ሠዓሊ ስሙን መሰወር ልማዱ በሆነበት አገር ይህ ሥዕል ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ መሠረት ሆኗቸዋል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሌሎች ስም የለሽ ሥዕሎች የፍሬ ጽዮን ወይም የደቀ መዛሙርቱ ናቸው አይደሉም እየተባለ የሚመረመረው ከዚህ ከአንዱ ጋር እየተነጻጸሩ ነው።

አንድ የብራና መጽሐፍ በቅርብ ቢመረመር፣ የተፈጥሮ ታሪክና የሰው ልጅ ጥበብ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ሆነው በየፎቁ መቀመጣቸው የአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የሥራ ክፍፍል እንጂ የነገሩ ባሕርይ እንዳልሆነ ይታያል። ቅጠሉ የፍየል ቆዳ ነው፤ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ በድንጋይ ታሽቶ ነጭ የሆነ። ገበታው የዋንዛ ወይም የወይራ ሳንቃ ነው፤ ጥራዙ በጅማት የተሰፋ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻና ከተቆላ እህል የተቀመመ ነው፤ መቃው ከውሃ ዳር የተቆረጠ ነው። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ በጠፍር ማንገቻው ከግድግዳ ላይ በካስማ ሲንጠለጠል፣ የደጋውና የቆላው እንስሳና ዕፅ ሁሉ በአንድነት ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በብራናው ላይ ጣት ቢያልፍ ባንዱ ገጽ የፀጉሩ ሥር ነጠብጣብ ይታወቃል፤ በሌላው ገጽ የሥጋው ወገን ለስልሶ ይገኛል። የአገራችን ጸሐፍትም ሁለቱን ገጾች ለይተው ያውቁ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የገዳሙን ዕቃ ቤት ቤተ መዘክር የሚያሰኘው የመዝገቡ ነገር ነው። በየወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ፣ ይህን መስቀል ማን እንደ ሰጠ፣ ይህ መሬት በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደ ተተከለ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ መጋረጃው ስንት፣ ጽናጽሉ ስንት እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል፤ በመጨረሻም የሰረቀውና የፋቀው ሰው በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ እንዲሆን ቃለ ግዝት ይታሰርበታል። ዛሬ የቤተ መዘክር ባለሙያ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ሰጥቶ፣ ከየት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ሰጠው፣ በምን ቀን እንደ ገባ በካርድ ላይ የሚጽፈው በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ ግዝቱ መቅረቱ ነው፤ የእኔን አሳብ የጠየቀኝ ቢኖር ግዝቱም ባይቀር እመርጥ ነበር። ዕቃው የሚናገረው ከመጣበት ቦታና ከሰጠው እጅ ጋር የሚያገናኘው ጽሑፍ እስካለ ድረስ ነውና፣ ያ ክር በተበጠሰበት ቦታ መስቀሉ ብር፣ በቤተ መዘክር የተቀመጠ ዓሣም ሬሳ ብቻ ይሆናል።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንሻገር ደግሞ መዝገቡ በብራና ሳይሆን በዛፍ ተጽፎ እናገኘዋለን። በገዳሙ ትውፊት መሠረት አቡነ ብትረ ማርያም በትራቸውን በሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ከዚያ ወዲህ የባሕረ ገቡ ምድር ነዋሪ በእነዚህ ፍሬዎች ይኖር ዘንድ፣ በሬ ጠምዶ እንዳያርስና የቀንድ ከብት እንዳያረባ ተደነገገ። ትውፊቱን እንደ ፈለጉ መተርጎም ይቻላል፤ ሥርዓቱ ያመጣው ውጤት ግን በዓይን የሚታይ ነው። የሐይቁ ዙሪያ ለዘመናት ታርሶ፣ ተጨፍጭፎ፣ ዛፉ በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ብቻ ተወስኖ ሲቀር፣ ዘጌ ግን ዋንዛውን፣ እሸውን፣ ዋርካውንና ብርብራውን ከቡናው በላይ እንደ ጥላ ዘርግታ ቆይታለች። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የድንጋይ መንገድ በቡናው ሥር የሚያልፍ ሲሆን፣ ገዳሙ አክሊላቱንና መጻሕፍቱን ለጎብኚ የሚያሳይበት ቤትም በዚያው በደኑ መካከል ነው። እንግዳ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ስብስቡን ማየት እንደሚጀምር ያስባል፤ እኔ ግን ደኑን አቋርጦ ሲመጣ ግማሹን አይቶ የጨረሰ ይመስለኛል።

ከእነዚህ ዛፎች መካከል ብርብራ የተባለውን ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። ጠፍጣፋ ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ዱቄቱ ወደ ውሃ ሲጣል ዓሣው ደንዝዞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ አጥማጁም በእጁ ይለቅመዋል። ኬሚስቶች በኋላ ዘመን መርምረው በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል፣ ዓሣን ትንፋሽ የሚያሳጣ ቅመም አግኝተዋል። አንዱ ዛፍ እንግዲህ ለቡናው ጥላ፣ ለአጥማጁ መርዝ ነው፤ የደረቀው ቅጠሉ ብቻ በወረቀት ላይ ተለጥፎ በዕፀዋት ቤተ መዘክር ቢቀመጥ፣ ይህን የሚያውቀው ሰው በጎኑ ካልጻፈበት በቀር፣ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይናገርም።

ከጣና ዙሪያ ዕቃና ዕውቀት ይዞ ወደ አውሮፓ ከተመለሰው መንገደኛ መካከል የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ቆይቶ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ብዙ ብራና ወስዷል፤ አብዛኛው ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እንደ እኔ ግምት ግን ለጣና የተፈጥሮ ታሪክ ከብሩስ የሚበልጠው፣ ስሙ በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይነሣው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1794 ተወልዶ በ1884 የሞተው ይህ ሰው በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ስሜንን አቋርጦ፣ በ1832 እና በ1833 ጎንደር ተቀምጦ ወደ ሐይቁም ወርዶ፣ የሰበሰበውን እንስሳ፣ ወፍና ዓሣ በ1817 ለተመሠረተው ለሴንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር፣ የግዕዝ መጻሕፍቱን ደግሞ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት አስረከበ። ጭላዳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ለዓለም ሳይንስ የተዋወቁት በእርሱ ብዕር ነው። በ1835 ባሳተመው ጽሑፍ ከጣና ያገኛቸውን ዓሣዎች ሲገልጽ ጎርጓሪ፣ ነጂያ፣ ሱርኪስ፣ ቤሶ የሚሉ ስሞችን ሰጣቸው፤ እነዚህ ስሞች እስከ ዛሬ በሳይንሱ መዝገብ ጸንተው ይኖራሉ።

በባሕር ዳር ገበያ ዓሣ በሦስት ስም ይሸጣል፤ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ቀረሶና አምባዛ በሌሎች የአገራችን ውሆችም ይገኛሉ፤ የጣና ምሥጢር የተሸሸገው ነጭ ዓሣ በሚለው በሦስተኛው ስም ውስጥ ነው። ሩፔል ነጭ ዓሣው አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን አይቶ ብዙ ስም ከሰጠ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 በጆቶ ዳይኔሊ መሪነት የመጣው የጥናት ቡድን ዓሣውን እንደገና ሰበሰበ፤ ቢኒ የተባለው ሊቅም በ1940 ሌሎች ስሞችን ጨመረ። ከዚያ ደግሞ በ1973 በለንደን የብሪታንያ ቤተ መዘክር የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ይሠራ የነበረው ኪት ባኒስተር፣ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ የነጭ ዓሣ ወገኖች በአንድ ላይ ሲመረምር፣ የጣናን ነጭ ዓሣዎች እንዲያው የአንድ ዝርያ ልዩ ልዩ መልክ ናቸው ብሎ ፈረደና ስሞቹን ሁሉ ወደ አንድ ጠቀለላቸው። ፍርዱ ከንቱ ድፍረት አልነበረም፤ በአልኮል ተነክሮ ቀለሙን ያጣ ዓሣ በመለኪያና በመስመር ሲመረመር፣ አንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር መስሎ መታየቱ አይገርምም።

ነገሩን የገለበጡት ከዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሆላንዳውያን ናግልከርከና ሲቢንግ ናቸው። በ1990ዎቹ ዓመታት ዓሣውን ገና ከመረብ እንደ ወጣ፣ ቀለሙ ሳይለወጥ፣ የት ጥልቀት እንደ ተያዘና በሆዱ ምን እንዳለ ሳይቀር እየመዘገቡ ሲያጠኑ፣ መጀመሪያ 14 መልክ ለዩ፤ ቀጥለውም ቁጥሩ 15 ዝርያ ሆነ። አንዱ አፉ ሰፍቶ ወደ ላይ የተሠራ ነው፤ አንዱ ከንፈሩ ሥጋማ ሆኖ በድንጋይ መካከል የሚፈልግ ነው፤ አንዱ ዓይኑ ትልቅ ነው፤ አንዱ አካሉ እንደ ጦር የረዘመ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ መሆናቸው ነው። ነጭ ዓሣ ከካርፕ ወገን ነውና በመንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም፤ ያለው ጥርስ ወደ ውስጥ ገብቶ በጉሮሮው አጥንት ላይ የተተከለ ነው። ይህ ወገን በዓለም ዙሪያ በአብዛኛው ሣርና ትል የሚለቅም ሆኖ ሳለ፣ በጣና ግን ያለ ጥርስ አዳኝ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ለውጥ የተደረገው በአጭር ጊዜ ነው፤ አጭር ስል እንደ ሥነ ምድር ሊቃውንት አነጋገር ነው። ከሐይቁ ሥር በጥልቀት ተቆፍሮ የወጣው ደለል ሲመረመር፣ ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበረ ታውቋል። እንግዲህ ውሃው ከተመለሰ ወዲህ፣ ወደ 40 ሜትር የሚሆነው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ እንዳይወጣ በሩን ዘግቶበት፣ በሐይቁ የቀረው ዓሣ እርስ በርሱ ተከፋፍሎ በየሥራው ተሰማራ ማለት ነው። ታዲያ ስለ ዝርያዎቹ ስም ክርክሩ ሲነሣ ዳኛ የሆነው ማን ነው ቢባል፣ ሩፔል የወሰዳቸውና በፍራንክፈርት የተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ዓሣዎች ናቸው፤ ነጂያ የተባለው የትኛው፣ ጎርጓሪ የተባለው የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በእነርሱ ነውና። ስለዚህ ሩፔል ዓሣውን መውሰዱ በደል ነው ብሎ መፍረድ አይቻለኝም፤ የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር፣ የጣና ተማሪ የጣናን ዓሣ ስም ለማረጋገጥ እስከ ፍራንክፈርት፣ እስከ ማይን ወንዝ ዳር መሄዱ ነው።

የወይጦን ሕዝብ ሳያነሡ የሐይቁን ታሪክ መናገር ጎደሎ ነው። ደንገሉን ከዳር ቆርጠው፣ አድርቀው፣ ጠቅልለው ታንኳ የሚያስሩት፣ በቀደመው ዘመንም ጉማሬ አድነው ይኖሩ የነበሩት እነርሱ ናቸው፤ የጥንት ቋንቋቸው ግን ሊቃውንት በወጉ ሳይመዘግቡት ጠፍቶ በአማርኛ ተተክቷል። ታንኳ ከሥራ የማይወጣው ውሃ እስኪጠጣ ብቻ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ በአዲስም ይተካል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ቤተ መዘክር ሊያኖረው ቢሻ የሚያኖረው አንዱን ታንኳ እንጂ የታንኳን ጥበብ አይደለም፤ ጥበቡ የሚኖረው በሚያስረው ሰው እጅ ነው።

የሰው ዕቃ ወደ ውጭ ሲሄድ ግን ሁልጊዜ እንደ ሩፔል ዓሣ በሰላም የሄደ አይደለም። በ1931 ተነሥቶ በ1933 የተመለሰው፣ በማርሴል ግሪዮል መሪነት ከዳካር እስከ ጂቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ በ1932 ጎንደር ደርሶ ለወራት ተቀመጠ። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት፣ እንደ ጣና ዙሪያው ሁሉ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በሸማ ላይ ተሥሎ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ይህ ልማድ ሥዕሉን ከጭቃ ግድግዳ እርጥበት ቢያድነውም፣ ልጦ ለመውሰድ ግን ቀላል አደረገው። የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የ17ኛው መቶ ዓመት ሥዕሎች በዚህ ዓይነት ተልጠው ተጠቀለሉና፣ በቦታቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የጉዞው ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። የጉዞው ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻ ዕቃዎች እንዴት እንደ ተሰበሰቡ ሳይሸፋፍን መጻፉ ለታሪክ ጠቅሟል፤ ለጎንደር ግን አልጠቀማትም። ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ሲገኙ፣ ከዚሁ ጉዞ የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍት በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ይኖራሉ። ለቤተ መቅደስ የተሠራ ሥዕል በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ ፊት ለፊቱ የሚቆምለት ነውና፣ ቅጂውን ለባለቤቱ ትቶ ዋናውን መውሰድ የዕውቀት ፍቅር ነው ቢባል እንኳ፣ ዕውቀቱ ለማን እንደ ተፈለገ ይገልጣል።

ወደ ዓሣው ስንመለስ፣ ስብስብ ለምን እንደሚጠቅም በዘመናችን በግልጽ የታየው በመከራ ነው። በ1986 በሞተር ጀልባና በመረብ የሚደረግ የንግድ ዓሣ ማጥመድ በጣና ተጀመረ፤ ከነጭ ዓሣው ብዙው ደግሞ በክረምት፣ ጎርፉ ሲመጣ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዐባይና ወደ መገጭ ወንዞች ወጥቶ የሚወልድ ስለ ሆነ፣ መረቡ በወንዞቹ አፍ ተዘርግቶ ወላጁን ከነእንቁላሉ ይይዘው ጀመር። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ጥናት የነጭ ዓሣው ብዛት ሦስት አራተኛውን ያህል ቀንሶ ተገኘ። በ2011 ደግሞ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሐይቁ ታየና የሰሜንና የምሥራቅ ዳሩን ሸፈነው። በ2015 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ መዝገብ ውስጥ መግባት ግን አረሙን አይነቅልም። በባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ዛሬ የሚይዘው ዓሣና የሩፔል ዓሣ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በመካከላቸው ያለው ሁለት መቶ ዓመት ምን እንደ ወሰደ ያለ ብዙ ንግግር ይታይ ነበር።

መጻሕፍቱን በተመለከተ ነገሩ ከዚህ ተሽሏል። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ሐይቁ መጥቶ፣ መነኮሳቱን አስፈቅዶ፣ የብራና መጻሕፍቱን ከቦታቸው ሳያርቅ በፊልም አነሣቸው፤ የክብራንን ዝርዝር በ1973፣ የደብረ ማርያምንና የሬማን በ1977 አሳተመ። የብራናው ጽሑፍ ለዓለም ተገለጠ፤ ብራናው ግን ከካስማው አልወረደም። ከግሪዮል ጉዞ በኋላ በአርባ ዓመት ውስጥ የመሰብሰብ ጠባይ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። የደጋ እስጢፋኖስን መጻሕፍት የያዘው ሦስተኛው ክፍል ሳይወጣ ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1999 ሲታተም፣ አዘጋጇ ቬሮኒካ ዚክስ የተባሉ ሴት ሊቅ ሆኑ። በደጋ ሥርዓት ሴት ወደ ደሴቲቱ አትወጣም፤ ወይዘሮዋም የነገሥታቱን ገዳም መጻሕፍት ቅጠል በቅጠል ቆጥረው፣ ኅዳጉን ሳይቀር አንብበው የዘረዘሩት ጀርመን አገር ተቀምጠው፣ ከፊልሙ ላይ ነው።